አንድ ወረቀት የያዙት እናት

ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2021 የከተማዋን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎች እንደ አዲስ ስታካልል የሕዝብ ስብሰባው በዙም ነበር። ጊዜው የኮቪድ ነው። ከሥራ ገብቼ ትንሽ አይቼ ልዘጋው ከፈትኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ።

ያስቀሩኝ አንዲት ኮሪያዊት እናት ናቸው። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አስተርጓሚ አላቸው። "ይሰማል?" እያሉ ደጋግመው ጠየቁ። ከዚያ ወረቀታቸውን አንስተው ማንበብ ጀመሩ። ስለ ፓርቲ ምንም አላሉም። የሚሸምቱበትን ገበያ፣ የሚጸልዩበትን ቤተ ክርስቲያን፣ ሐኪማቸው ያለበትን መንገድ ዘረዘሩ። ሁሉም በእግር የሚደረስ ነው። "ሰፈራችን አንድ ነው፤ ተወካያችንም አንድ ይሁን" አሉ። ሰዓት አልቋል ሲባሉ አመስግነው ወጡ። ቀጥሎ አንድ ወጣት፣ ቀጥሎ ባለሱቅ። የሚሉት ያንኑ ነው። "ይሄ ተነግሯል፣ እንለፈው" ያለ ሰብሳቢ ግን የለም።

የአንድ ቀን ነገር እንዳይመስላችሁ። የኮሪያውያኑ ሰፈር ኮሪያታውን በ1992ቱ የከተማዋ ሁከት ሲቃጠል ሰፈሩ ለተለያዩ የምክር ቤት ወረዳዎች ተበጣጥሶ ነበር። ነዋሪው አቤት ሲል አንዱ ወደ ሌላው ይገፋዋል። ከ2010ሩ ቆጠራ በኋላ ክልሉ ሲካለል ጮኹ፤ አልተሰሙም። ከተማዋን ከሰሱ፤ ተረቱ። በ2021 ተመልሰው መጡ። በመጨረሻ ሰፈራቸው 10ኛው ወረዳ ውስጥ ተጠቃለለ።

እዚህ ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። በዚያው በ2021 ጥቅምት (ኦክቶበር) ሦስት የምክር ቤት አባላት በር ዘግተው ስለ ክልሉ ሲማከሩ በድምፅ ተቀርጸዋል። ቅጂው በ2022 ሲወጣ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ኑሪ ማርቲኔዝ ወንበሯን ለቀቀች። በ2024 ደግሞ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሥራውን ለገለልተኛ ኮሚሽን አስተላለፈ።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከተማዋ የፌርፋክስን ሰፈራችንን በ2002 "ሊትል ኢትዮጵያ" ብላ ሰይማልናለች። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንድም የሀበሻ ድምፅ አልሰማሁም። እኔም እጅ ማንሻውን እያየሁ ዝም አልኩ።

ዝምታውን ከቤት ይዘነው ነው የመጣነው። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ "እርስዎ አሁን የእኛ አይደሉም" ተባለች። ድንበሩ መቼ እንደተለወጠ የነገራት የለም። ለምን አልጠየቅሽም ስላት "ምን አደከመኝ ልጄ፣ እነሱ ያወቁትን" አለችኝ። ስብሰባማ ሞልቶናል። አጀንዳው ይነበባል፣ አበል ይፈረማል፣ በጭብጨባ ይጸድቃል።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 103 ላይ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፣ በቆጠራው ውጤት መሠረት የምርጫ ክልሉን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። የመጨረሻው ቆጠራችን የ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰፈር ፈረሰ፣ ስንት ሰው ኮንዶሚኒየም ገባ! ያ ሁሉ ሰው ወረቀቱን ይዞ የሚያነብበት ወንበር የት ነው?

ባለፈው ሳምንት ፌርፋክስ ላይ አራት ሆነን ቡና ስንጠጣ፣ የምክር ቤት ተወካያችን ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። ማንም አልመለሰም። የሚቀጥለው ማካለል ከ2030ው ቆጠራ በኋላ ነው። እኔ ወረቀቴን ከአሁኑ ጀምሬዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር ጀበናው ስለሚቀርብበት ስለዚያ ጥግ ነው።