ማስተካከያ፦ የምክክር ሕክምናው የተፈተነው ከመድኃኒት ጋር እንጂ በመድኃኒት ምትክ አይደለም

ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ስላለባቸው አዋቂዎች ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ በ2010 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት «የምክክር ሕክምና መድኃኒትን እንደሚተካ አረጋግጧል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ጥናቱ እንዲህ አይልም።

የጥናቱ መሪ ስቲቨን ሳፍረንና ባልደረቦቻቸው በቦስተን፣ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ያጠኗቸው 86 አዋቂዎች በሙሉ መድኃኒት እየወሰዱም ምልክቱ ያልለቀቃቸው ነበሩ። ግማሾቹ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና የተባለው የምክክር ዓይነት፣ ግማሾቹ ደግሞ ሰውነትን የማፍታታት ልምምድና ትምህርት ተሰጣቸው። በምልክት መለኪያው ጉልህ መሻሻል ያሳዩት ከመጀመሪያዎቹ 67 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 33 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ የመጣው በመድኃኒቱ ላይ ከተጨመረው ነገር ነው።

ምክክር ሲባል ብሶትን ማውራት ብቻ እንዳይመስልዎ። ታካሚው ከባዱን ሥራ ቆራርሶ መጀመርን ይለማመዳል፤ ቀጠሮውን ሁሉ በአንድ የቀን መቁጠሪያ ያሰፍራል። ሳይዘናጋ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችል ይለካል፤ በመሃል ያልተከፈለ የመብራት ሂሳብ ትዝ ቢለው ወረቀት ላይ ጫር አድርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። መድኃኒቱ ትኩረትን ያግዛል እንጂ ይህን ዘዴ አያስተምርም።

ያንን ዓረፍተ ነገር አንብበው መድኃኒትዎን ለማቆም አስበው ከሆነ፣ እባክዎ አስቀድመው ሐኪምዎን ያነጋግሩ። መድኃኒት የማይስማማቸው ወይም የማይፈልጉ ሰዎች ምክክርን ብቻውን ሊመርጡ ይችላሉ፤ ይህ ጥናት ግን እነርሱን አልመረመረም።