«ጂሜይል የለኝም፤ ፕሌይ ስቶር ብቻ ነው ያለኝ»

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሥራዬ ሲቪ መተየብ፣ ማመልከቻ ማተም፣ መታወቂያ ኮፒ ማድረግ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚመጣልኝ ጥያቄ ግን አብዛኛው ከወረቀት ጋር አይገናኝም። «እስቲ ስልኬን እየው»፣ «ይሄ ነገር ፓስወርድ አምጣ ይለኛል»፣ «ኢሜይሌ እምቢ አለ»። ለዚህ ሥራ ዋጋ አውጥቼ አላውቅም፤ ማውጣት ነበረብኝ።

ከወር በፊት አቶቴ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እናት መጡ። ስልካቸው ባጃጅ ውስጥ ቀርቶባቸው፣ ቁጥራቸውን በአዲስ ሲም አስወጥተው፣ ሌላ ስልክ ገዝተው ነው የመጡት። «ልጄ፣ ፎቶው ሁሉ ጎግል ውስጥ ይቀመጣል ብለውኛል። የልጄ ሠርግ አለ፣ የባለቤቴ ተዝካር አለ፤ እስቲ አውጣልኝ» አሉኝ።

«ጂሜይልዎ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ትንሽ አሰቡና «እኔ ጂሜይል የለኝም፤ ፕሌይ ስቶር ብቻ ነው ያለኝ» አሉ።

አልሳቅሁም። ከቆሙበት ሆኖ ለሚያየው ልክ ናቸው። ስልኩን የሸጠላቸው ልጅ «ፕሌይ ስቶር ልክፈትልዎ?» ነው ያላቸው። ከፈተላቸው፤ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ጫነላቸው፤ ገንዘቡን ተቀበለ። በዚያች ደቂቃ በስማቸው ወይም በሌላ ሰው ስም የጎግል አካውንት መከፈቱን፣ ከዚያ ወዲህ የሚያነሡት ፎቶና የሚመዘግቡት ስልክ ቁጥር እዚያ አካውንት ውስጥ እየገባ መሆኑን የነገራቸው ሰው የለም። ለዚህ ነው ስለ ጎግል አገልግሎቶች ስንነጋገር የተሳሳተ ቦታ እንጀምራለን የምለው። ሰው የሚቸገረው አገልግሎቶቹ ስለበዙበት ይመስለናል። እኔ የማየው ችግር ግን ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ አለማወቅ ነው።

ጎግልን እንደ አንድ ግቢ አስቡት። እኛ ሰፈር እንደሚደረገው ባለቤቱ መጀመሪያ አንድ ቤት ሠርቶ ገባ፤ ቆየት ብሎ ከጎኑ ሰርቪስ ቀጠለ፤ ከዚያ የጎረቤቱን ቤት ገዝቶ አጥሩን አፈረሰና ደባለቀው። ዋናው ቤት መፈለጊያው ነው፤ ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 የመሠረቱት። ጂሜይል በ2004 ኤፕሪል 1 ሲተዋወቅ ዕለቱ ፈረንጆች የሚቀላለዱበት ስለሆነ ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር፤ ሌሎቹ 2 እና 4 ሜጋባይት በሚሰጡበት ዘመን 1 ጊጋባይት በነፃ እሰጣለሁ ማለቱ ነዋ። የብዙዎቻችን ስልክ የሚሠራበትን አንድሮይድን በ2005 ገዛው። ዩቲዩብን በ2006 በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ካርታው፣ ማፕስም ቢሆን መነሻው አውስትራሊያ ውስጥ የነበረ ትንሽ ኩባንያ ነው። ፋይል ማስቀመጫው ድራይቭ በ2012፣ ፎቶ ማስቀመጫው ፎቶስ በ2015 ተቀጠሉ። አንዱ በር በግራ፣ አንዱ በቀኝ የሚከፈተው ለዚህ ነው። በአንድ ፕላን የተሠራ ግቢ አይደለም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ራሱን ሞኝ አድርጎ መውሰድ የለበትም።

ግቢው ግን አንድ ቁልፍ አለው። ጂሜይሉ፣ ፕሌይ ስቶሩ፣ ፎቶው፣ ድራይቩ፣ በዩቲዩብ የተከተልነው ቻናል፣ በካርታው ላይ ያስመዘገብነው ሱቅ፣ ሁሉም በአንድ አድራሻና በአንድ የይለፍ ቃል ነው የሚከፈተው። ኮምፒውተር ላይ በስተቀኝ ከላይ ያሉትን ዘጠኝ ነጥቦች የነካ ሰው ክፍሎቹን ተደርድረው ያገኛቸዋል። እነዚያን ነጥቦች ለደንበኞቼ ሳሳይ ዓመታት ጂሜይል የተጠቀሙ ሰዎች «ይሄ እዚህ ነበር እንዴ?» ይሉኛል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምምድ ልግባ። አንዳንድ ስልክ ቤት ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ አካውንት መክፈት ጊዜ ይወስድበታል። ቁጥር ማረጋገጥ አለ፣ ስምና የልደት ቀን መሙላት አለ፣ ኔትወርኩም የሚፈልገውን ያህል አይሮጥም። ስለዚህ ሻጩ የራሱን አንድ ጂሜይል ለመጣው ሁሉ ስልክ ያስገባል። አስተናጋጇም፣ የባጃጅ ሾፌሩም፣ አስተማሪውም በአንድ አካውንት ውስጥ ይኖራሉ፤ አይተዋወቁም። ከሳምንት በኋላ አንዱ ይመጣና «ስልኬ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ስም ሞልቷል፤ ቫይረስ ነው?» ይለኛል። ቫይረስ አይደለም። የሌላው ደንበኛ ስልክ ቁጥሮች ናቸው። አካውንቱ አንድ ስለሆነ እዚያ የተመዘገበው እዚህም ይታያል። አንዴ አንዲት ወጣት የማታውቀው ሰው የቤተሰብ ፎቶ ስልኳ ላይ ብቅ ብሎባት ደንግጣ መጥታለች። የሷስ ፎቶ ማን ስልክ ላይ ብቅ ብሎ ይሆን? እሱን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላነሣሁባትም።

ሌላው ጣጣ የሚመጣው ስልኩ ፎርማት ሲደረግ ነው። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በስርቆት ምክንያት አንድ ጥበቃ አለው፤ የጠፋ ወይም የተሰረቀ ስልክ ተደምስሶ ቢከፈት ቀድሞ የነበረበትን የጎግል አካውንት አምጣ ይላል። ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ባለቤቱ አካውንቱን ካወቀ። ካላወቀ ግን ሌባውም እሱም እኩል ውጭ ይቀራሉ። የገዛ ስልካቸውን ለማስከፈት ለጥገና ሱቅ የከፈሉ ስንት ሰዎች አውቃለሁ። ስልኩን ከሰው እጅ፣ ያገለገለ፣ የገዛውማ ሻጩን የት ብሎ ያገኘዋል?

የስልክ ቤት ልጆችን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ወጣቶች ናቸው፤ በቀን ብዙ ሰው ያስተናግዳሉ፤ ደንበኛው ራሱ «ቶሎ በልልኝ፣ ባጃጅ አቁሜ ነው» ይላቸዋል። ፓስወርድ ጻፍ ሲሉት «አንተው አድርግልኝ፣ አንተ የምታውቀውን» የሚል ሞልቷል። የቤቱን ቁልፍ ለማያውቀው ሰው የማይሰጥ ሰው ነው እንግዲህ።

ቋንቋውን ምክንያት የሚያደርጉም አሉ፤ ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። የአንድሮይድን ቋንቋ ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል፤ እኔም ለብዙ ሰው ቀይሬ አውቃለሁ፤ አብዛኞቹ በሳምንታቸው ተመልሰው «ወደ እንግሊዝኛው መልስልኝ» ብለውኛል። «ሴቲንግ» ለምዶባቸዋል፤ «ቅንብሮች» ሲላቸው የሌላ ሰው ስልክ ይመስላቸዋል። ጎግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016፣ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን በ2022 ነው፤ ትርጉሙ አንዳንዴ ያስቃል እንጂ ለሻሸመኔ ነጋዴና ለሐዋሳ ደንበኛው አገልግሏል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በድምፅ መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ ይሠራል፤ ፊደል መልቀም የሚከብዳቸው አባቶች ማይክራፎኗን ነክተው ሲናገሩ የሚፈልጉት ይመጣላቸዋል። ይህን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ማን ይንገራቸው?

የማከማቻውን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ሰው ዕድሉ ሲያመልጠው አይቻለሁና። ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ብዙዎች ይህ ለጂሜይሉ ብቻ፣ ሌላ ደግሞ ለፎቶው፣ ሌላ ለድራይቩ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ሦስቱም የሚቆርሱት ከአንድ እንጀራ ነው። ፎቶስ ድሮ ጥራቱን ቀነስ አድርጎ ያለ ገደብ ያስቀምጥ ነበር፤ ያ እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2021 አበቃ። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ አንድ ልጅ ለውጭ አገር ስኮላርሺፕ እኔ ቤት ሆኖ አመለከተ። የቴሌግራም ፎልደሩን ከፎቶስ ጋር አያይዞት ኖሮ የወረደለት ቪዲዮ፣ ቀልዱ፣ የኳሱ ጎል ሁሉ እየተጫነ 15ቱን ጊጋ ሞላው። ሲሞላ ጂሜይል ደብዳቤ መቀበል ያቆማል። መልሱ ተልኮለት፣ ሳጥኑ ሙሉ ነው ተብሎ ለላኪው ተመለሰ። ልጁ ይህን የሰማው ራሱ ደውሎ ሲጠይቅ ነው፤ የመልስ መስጫው ቀን አልፎ ነበር።

በነገራችን ላይ ሲቪ ስተይብ ሁሌም የሚያጨቃጭቀኝ የጂሜይል ነጥብ ነው። በስምና በአባት ስም መካከል ያለችውን ነጥብ ከዘለልኋት «አበላሸኸው!» ተብዬ ወረቀቱ እንደገና ይታተማል። ጂሜይል ነጥቡን አይቆጥርም፤ ኖረ አልኖረ ደብዳቤው ለአንዱ ሰው ነው የሚደርሰው። ይህን ደጋግሜ ብናገርም የሚያምነኝ የለም፤ ወረቀቱን ደግሜ አትማለሁ።

ካርታው ለእኛ ከተማ የተለየ ጥቅም ነበረው። እኛ አድራሻ የምንናገረው «ከገብርኤል ወደ ታች፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ሰማያዊ በር» እያልን ነው፤ በሩ ቀለም የተቀባ ቀን እንግዳው ጠፋ ማለት ነው። ካርታው ላይ ጣት ተጭኖ ቢቆይ ለዚያ ቦታ በፊደልና በቁጥር የተሠራ አጭር ኮድ ይሰጣል፤ መንገዱ ስም ባይኖረው፣ ቤቱ ቁጥር ባይኖረው ችግር የለውም። የከተማውን ካርታ አስቀድሞ በዋይፋይ ማውረድም ይቻላል፤ ከዚያ ዳታ ሳይበሉ ከአላሙራ እስከ አሞራ ገደል መሄድ ነው። ነገር ግን እዚህም ያው የቁልፍ ነገር ይከተለናል። አንድ ወዳጄ የእንግዳ ማረፊያውን ካርታ ላይ ያስመዘገበለት ልጅ በራሱ ጂሜይል አስመዘገበውና አዲስ አበባ ገባ። ማረፊያው ስልክ ቁጥር ቀየረ፤ ካርታው ላይ ያለው ግን አሮጌው ቁጥር ነው። እንግዳ ይደውላል፣ አይነሣም። ባለቤትነቱን ይሰጠኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ወዳጄ ግን ያንን እስኪያውቅ አንድ የጥምቀት ገበያ አለፈው።

ባለ ግቢው ራሱስ? ይህንንም መርሳት የለብንም፤ እኛ ተከራዮች ነን። ሪደር የሚባለውን የዜና ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 ዘጋው፤ ማኅበራዊ ሚዲያውን ጎግል ፕላስን በ2019። ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ደግሞ ሁለት ዓመት ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቋል። ዓረብ አገር ሄዳ ቁጥርም ስልክም የቀየረች ልጅ አሮጌው አካውንቷ ውስጥ የትምህርት ማስረጃዋን ፎቶ አስቀምጣ ከሆነ፣ በዓመት አንዴ እንኳ ገብታ ማየት አለባት።

እንግዲህ እኔ የምጠይቀው ሰፊ ሥልጠና አይደለም። በየአዳራሹ «የዲጂታል ክህሎት» እየተባለ ሻይና ቆሎ የሚቀርብበትን ስብሰባ ተካፍዬ አይቻለሁ፤ ስለ ክላውድ ሁለት ሰዓት ተወራ፤ ፓስወርዱን እንዴት እንደሚመልስ የተነገረው ሰው አልነበረም። እኔ የምፈልገው ስልክ ሻጩ ከደረሰኙ ጋር አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንዲሰጥ ነው። አድራሻው ይኸው፣ የይለፍ ቃሉን ራስዎ ይጻፉት፣ መመለሻ ሆኖ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የእርስዎ ነው፣ በቃ። ስልኩ ያለው ሰውም ሴቲንግ ገብቶ «ጎግል» የሚለውን፣ ቀጥሎም አካውንቱ ውስጥ «ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ይንካ፤ አካውንቱ በየትኞቹ ስልኮች ላይ እንደተከፈተ ዝርዝሩ እዚያ አለ። የማያውቀው ስልክ ካየ ያስወጣው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን፣ ያበራ ሰው ደግሞ ስልኩ ቢጠፋ የሚገባባቸውን 10 ኮዶች ማውጣት ይችላል፤ አሳትሞ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ። ማተሚያ አለኝ፤ ለገበያዬ ነው የሚለኝ ካለም ይበለኝ።

የአቶቴዋን እናት ጉዳይ ሁለት ቀን ታገልሁበት። ስልኩን የሸጠላቸው ሱቅ ዛሬ ጫማ ይሸጥበታል። የልጁን ቁጥር ከአንድ ጓደኛው አገኘሁ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ፎቶዎቹ እሱ በከፈተው አካውንት ውስጥ እንዳሉ እገምታለሁ፤ እሱም ራሱ የይለፍ ቃሉን ረስቶት ሊሆን ይችላል። አዲስ አካውንት ከፈትንላቸው፤ አዲስ ያስወጡት ሲም ላይ ባለው ቁጥራቸው፣ በስማቸው። የይለፍ ቃሉን ሲጽፉ ፊቴን አዞርሁ። ወረቀት ላቀብላቸው ስል ከቦርሳቸው የእድር ደብተራቸውን አወጡና መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ ገለበጡት።

«እዚህ ላይ ከጻፍሁት አይጠፋም» አሉኝ፤ «ያን ልጅ ግን መደወልህን አትተው»።

በየሰኞው እደውላለሁ።