60 ሰዓት በአንድ ከሰዓት

መምህራኖቻችን እርስ በርስ አይማማሩም የሚል ሰው ሰኔ ላይ ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ብቅ ይበልና ይፈር። መምህራን ሥራ ላይ ሳሉ የሚማማሩበት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ በቁልምጫ ስሙ ተሙማ፣ ከእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል። ለየዋህ ሰው ይህ በሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት ለ30 ሳምንት መቀመጥ ነው። ለበሰለ መምህር ግን አንድ ከሰዓት፣ ያለፈው ዓመት ማህደረ ተግባር፣ ማለትም የተሠራው ሁሉ የሚመዘገብበት ማህደር፣ እና ሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ይበቁታል። ሦስት ለምን? መስከረሙም ጥሩም ግንቦቱም በአንድ ቀለም ከተጻፈ ሱፐርቫይዘሩ ይነቃላ! ቀን ሲሞላ ካላንደር አጠገብ ይቀመጥ፤ ጥር 11 ቀን የክፍል ምልከታ ያደረገ፣ ባልደረባው ሲያስተምር ገብቶ ያየ፣ አይታጣም። ጥምቀትን እንኳ ለሙያው የሠዋ!

ከሁሉ የሚደንቀው ምልከታው ነው። መመሪያ አክባሪ እንዲህ ይደክማል፦ ከባልደረባው ጋር ቀድሞ ተቀምጦ አንድ ጥያቄ ይመርጣል፤ «ከኋላ ወንበር ስንት ልጅ ተናገረ?» የሚል ዓይነት። ከዚያ 40 ደቂቃ ሙሉ መምህሩን ሳይሆን ተማሪዎቹን ያያል፤ የመቀመጫቸውን ንድፍ ስሎ በተናገረው ልጅ ቦታ ላይ ጭረት ይጭራል። በዚያው ዕለት፣ ነገሩ ሳይቀዘቅዝ፣ ሁለቱ ይነጋገራሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ተመልሶ ለውጡን ያያል። ምን በወጣው! ደግሞስ በ3ኛው ክፍለ ጊዜ ሁለቱም እያስተማሩ ማን ማንን ይይ? የእኛ ሊቃውንት ችግሩን የክፍል በር ሳይከፍቱ ፈቱት፦ «አንተ የእኔን ሙላ፣ እኔ ያንተን።» ጠንካራ ጎን፦ ሰዓት ማክበሩ። ሊሻሻል የሚገባው፦ የሰሌዳ አጠቃቀም። ሰሌዳ ይባረክ፣ የስንቱን ወዳጅነት አተረፈ! «ትጠይቅና መልሱን ራስህ ትመልሳለህ» ብሎ የሚጽፍ ካለ፣ ያው ወረቀት ነገ ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ ርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ እንደሚወጣ ያልገባው ምስኪን ነው።

ጀማሪውም አልተረሳም፤ ለሁለት ዓመት መካሪ ይመደብለታል። ምክሩ አንዲት ናት፦ ከማን ማህደር እንደሚገለበጥ።

የጉድኝቱ፣ የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ቡድን፣ ልምድ ልውውጥማ ልዩ ነው። አስተናጋጁ ትምህርት ቤት ከካርቶን የተሠራውን የሰው ልብ ከፔዳጎጂካል ማዕከሉ፣ ከማስተማሪያ መርጃዎች ክፍል፣ ያወጣል፤ እንግዶች ፎቶ ያነሳሉ፤ ልቡ ተመልሶ ይቆለፍበታል።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ግን አለ። በዕረፍት ሰዓት ሻይ ላይ አንዷ መምህርት «1/4 ሲደመር 1/4 ስላቸው 2/8 ይሉኛል» ብላ ታማርራለች። አጠገቧ ያለው ወረቀት ለአራት አጥፎ ይዘረጋና ሁለቱን ክፍል በእርሳስ ያጠቁራል፤ «ግማሹ አልጠቆረም? ስምንቱ የታለ? በያቸው» ይላታል። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ቃለ ጉባኤ የለው፣ ፊርማ የለው፣ ከ60ው ሰዓት ላይ አንዲት ደቂቃ አይያዝላቸው። ጭራሽ የታጠፈው ወረቀት ያልተሞላ የምልከታ ቅጽ ነበር፤ ሰኔ ላይ አንድ ይጎድልባቸዋል።