ሞንቴፋልኮ ሮሶን ከዶሮ ወጥ ጋር አታጋጩት

ያለፈውን ፋሲካ እዚህ ሮም ያከበርነው ጓደኛዬ ቤት ነበር። ዶሮው ወጣ፣ እንቁላሉ ታደለ፣ እኔም ይዤ የሄድኩትን ሞንቴፋልኮ ሮሶ የተባለ የጣልያን ቀይ ወይን ከፍቼ ቀዳሁ። የጓደኛዬ አጎት አንዴ ጎንጨት አሉና ምላሳቸውን ከላንቃቸው እያላቀቁ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አሉኝ። ቀጥለው ብርጭቋቸውን በኮካ ሞሉት። ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ወይኑ አልተበላሸም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሞንቴፋልኮ በጣልያን ኡምብሪያ ክልል ከኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። የምትታወቀው በሳግራንቲኖ ወይኗ ነው፤ ልጣጩ ወፍራም፣ በታኒን ብዛት ከዓለም የወይን ዝርያዎች ከፊተኞቹ የሚመደብ። ታኒን ማለት ብዙ የቆየ ሻይ ስንጠጣ አፋችንን ጭምድድ የሚያደርገው ነገር ነው። ከምራቃችን ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ምራቁ ማለስለሱን ያቆማል። የአገሬው ሰው ይህን ጠባዩን ስለሚያውቅ ለረጅም ዘመን ፍሬውን አድርቆ ጣፋጭ ወይን ነበር የሚጠምቀው፤ የሚጠጣውም በፋሲካ፣ ከበግ ጥብስ ጋር። ጣፋጭ ያልሆነው ሳግራንቲኖ ዝናው የገነነው ገና በቅርቡ ነው፤ ከፍተኛውን የመንግሥት ማዕረግም ያገኘው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው።

ሮሶው ግን ድብልቅ ነው። በስሙ ደንብ የወጣለት በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ ባለው ደንብ ቢያንስ 60 በመቶው ሳንጆቬዜ የተባለው የጣልያን ቀይ የወይን ዝርያ፣ ቢያንስ 10 በመቶው ሳግራንቲኖ ነው፤ ብዙ ጠማቂዎች ሜርሎ የተባለውን የፈረንሳይ ዝርያም ጣል ያደርጉበታል። ሳንጆቬዜው ያቃልለዋል፣ ሳግራንቲኖው አጥንት ይሰጠዋል። የወይን አዋቂዎች ንጹሑን ሳግራንቲኖ ያወድሳሉ፤ ለእኔ ግን ሮሶው ይበልጥብኛል። ያኛው ዓመታት የሚያስጠብቅ ኩሩ ነው፤ ይሄኛውን ዛሬ ገዝቶ ማታ ራት ላይ መክፈት ይቻላል።

ራቱ ግን መመረጥ አለበት። ኡምብሪያዎች የሚያቀርቡለት ከእንስላል ዘር ጋር የተጠበሰ ቅባታም አሳማ፣ ቋሊማ፣ የኖርቻ ደረቅ ሥጋ ነው። (ኖርቻ በአሳማ ሥጋ ሥራ ከመታወቋ የተነሣ ጣልያኖች የአሳማ ሥጋ ባለሙያን በስሟ ኖርቺኖ ይሉታል።) ዳቧቸው ጨው የለውም። በ1540 እ.ኤ.አ. የሮማው ጳጳስ የጨው ግብር ስለጨመሩ ነው ይላሉ፤ የታሪክ ሰዎች ብዙም አያምኑትም፤ እኔም ያ ጨዋማ ሥጋ ሌላ ጨው አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ሥጋና ስብ አፍ ውስጥ ሲኖሩ ታኒኑ በምራቅ ፈንታ እነሱን ይይዛል፣ ጨውም ምሬቱን ያበርድለታል። ብቻውን ጎሮሮ የሚፍቀው ወይን ሥጋ ሲያገኝ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው።

በርበሬ ሌላ ነገር ነው። በርበሬው ያቃጥላል፣ ብዙ ጊዜ 14 በመቶ አካባቢ የሚደርሰው አልኮል ያራግበዋል፣ ታኒኑ ደግሞ በተቃጠለው ላይ ይፍቃል። የዶሮ ወጥ ቅቤ ብቻውን አያድነውም። «ቀይ ወጥ በቀይ ወይን» የሚሉ ሰዎች የሚያዛምዱት ቀለም እንጂ ጣዕም አይደለም። ለዶሮው ጠጅ ነበር፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በብርሌ። ሮሶው ከእኛ ማዕድ ከተፈለገለት ጎድን ጥብስ አለ፣ ሚጥሚጣው የቀለለ ለብለብ ክትፎ አለ፣ አዋዜው ራቅ ካለ ቁርጥም ይሆነዋል።

አመሻሽ ላይ የበጉ ጎድን ተጠብሶ መጣ፤ ስቡ ገና ይንጨረጨራል፣ ከጨውና ከሮዝመሪ በቀር ምንም አልገባበትም። ጠርሙሱ ሲሶ ያህል ቀርቶታል። ምንም ሳልል ከሥጋው አጠገብ አኖርኩት። አጎትየው ሁለት ጎድን ግጠው እጃቸውን ጠረጉና ብርጭቋቸውን ዘረጉልኝ።

«እስቲ ከዚያ ከተበላሸው ትንሽ ጨምርልኝ።»