ጫቱን ስንቆጥር ካፌይኑን ረስተናል

ድሬዳዋ ውስጥ እንቅልፍ እምቢ ያለውን ሰው ምክንያቱን ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ ጫት። ልቡ ድው ድው የምትልበትም፣ ጨጓራው የሚያቃጥለውም፣ ጠዋት ቤተሰቡ ላይ የሚነጫነጨውም ጫቱን ይወቅሳል። ጫት ያለ ኃጢአቱ ተወቀሰ ልል አልተነሣሁም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። በየበርጫው ከጫቱ ጋር ሌላ አነቃቂ፣ በቡናው፣ በሻዩና በኮካው ውስጥ ያለው ካፌይን፣ አብሮ ይገባል፤ እሱን ግን የሚቆጥረው የለም።

እስቲ አንድ ተራ ቀን እንይ። ጠዋት ከቁርስ ጋር ሻይ፣ ረፋድ ላይ ቡና። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ከሮ ከዚራም መጋላም ጭር ሲሉ የአወዳይ ጫት ይዘረጋል። ከጎኑ ኮካ፣ አንድ ፔርሙስ ሙሉ ሻይ፣ ወጣቶቹ ዘንድ ደግሞ የኢነርጂ ድሪንክ ጣሳ። አመሻሹ ላይ ጀበና ይጣዳል። ሐረር ስንወጣ በወተት የሚፈላው ሆጃና ከቡና ቅጠል የሚዘጋጀው ቁጢ ይጨመራሉ። ፍሬው ስለሌለበት ብዙ ሰው እነዚህን ከቡና አይቆጥራቸውም፤ የቡና ቅጠልም ሆነ ገለባ ግን ካፌይን አለው።

ካፌይን ጉልበት የሚሰጥ ይመስለናል። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ በአንጎል ሕዋሳት ላይ መልእክቱን ከሚቀበሉት ተቀባዮቹ ጋር ሲገናኝ ድካም ይሰማናል፣ ዓይናችን ይከብዳል። ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል እነዚያን ተቀባዮች ቀድሞ ይይዛቸዋል። ድካሙ እዚያው አለ፤ ወሬው ነው ያልደረሰን። ካፌይኑ ከሰውነት ሲወጣ የተጠራቀመው አዴኖሲን ቦታውን ያገኝና ሰውየው ዝልፍልፍ ይላል።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ደግሞ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ የአንጎል ኬሚካሎች ከነርቭ ሕዋሳት በብዛት እንዲለቀቁ ያደርጋል። ምርቃና የምንለው ከዚያ የሚመጣ ነው። አዴኖሲን ደግሞ በተፈጥሮው የእነዚህን ኬሚካሎች ልቀት ይገታል። ስለዚህ ጫቱ ፈረሱን ሲኮለኩል ካፌይኑ ልጓሙን ይፈታል። ሁለቱም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። በየመን የተደረጉ ጥናቶች ጫት መቃምን ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር አያይዘውታል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙ ፊት «ጫት ቀንሻለሁ» ብሎ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጣሳ ኢነርጂ ከጠጣ፣ የቀነሰውን በሌላ በኩል መልሶ እየሞላ ነው። ሐኪሙም ስለ ጣሳው ካልጠየቀው አያውቅለትም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሰዓቱ ነው። የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከደማችን እስኪወጣ በአንድ ጤነኛ አዋቂ ላይ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሰው ሰው በጣም ይለያያል፤ ጉበቱ ቶሎ የሚያጣራለት አለ፣ የሚዘገይበት አለ፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት ጋ ጊዜው እጥፍ ያህል ይረዝማል። አማካዩን ብቻ እንያዝ። አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ የጠጣነው ቡና፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ካፌይኑ ግማሽ ያህሉ ገና በደማችን ውስጥ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይም ሩቡ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከመኝታቸው ስድስት ሰዓት ያህል ቀድመው 400 ሚሊ ግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ከእንቅልፋቸው ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያጡ አሳይቷል። «እኔ ቡና ጠጥቼ ነው የምተኛው፣ ምንም አይለኝም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ይተኛሉ። ግን ጥልቁ እንቅልፍ ይቀንስባቸዋል፣ ጠዋትም ሳይጠግቡ ይነሣሉ። ያንን ድካም ለማባረር ደግሞ ቡና ይጠጣሉ፣ ከቀትር በኋላ ይቅማሉ፣ ማታ እንደገና ይጠጣሉ።

ስንት ነው ልኩ? የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ፣ ጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ቢወስድ ሥጋት እንደሌለው አስታውቋል። ይህን ወደ ራሳችን ጓዳ ስናመጣው፣ የሐረር ቡና አረቢካ ነው፤ የአረቢካ ፍሬ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማው ካፌይን ነው፤ መቁላቱም ብዙ አይቀንሰውም። 50 ግራም ቡና የተጣደበት ጀበና እንግዲህ 600 ሚሊ ግራም ያህል ይዟል። አምስት ሰው ከተካፈለው ምንም ክፉ የለበትም። አንድ ሰው ከጓደኛው ጋር ለሁለት ከጨረሰውና ቀድሞ ሻይና ኮካ ከነበረበት፣ በዚያ ላይ 80 ሚሊ ግራም ገደማ የያዘች ባለ 250 ሚሊ ሊትር የኢነርጂ ጣሳ ከጨመረ፣ ሒሳቡን ራሳችሁ ድረሱበት። ካፌይን በፈላ ውኃ ቶሎ ስለሚሟሟ አብዛኛው አቦሉ ላይ ይወጣል። ማምሻውን እንግዳ መጥቶ ጀበና መጣዱ ግድ ከሆነ፣ አቦሉን ለሌላው ሰጥቶ በረካውን መጠበቅ ነውር የለውም።

ቡናን አልጠላም፤ ቡና ሲነካም አልወድም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቡናን ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቶታል፤ በልኩ የሚጠጡ ሰዎች ላይ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ያነሰ ሆኖ መገኘቱን ብዙ ጥናቶች መዝግበዋል። የምለምነው የሰዓት ለውጥ ነው። የማታውን ጀበና ወደ ረፋድ እናምጣው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ካፌይን ያለበት ነገር አይቅረብ። ጨዋታው እንዳለ ይቀጥል።

ለሙስሊም ወገኖቼ ሌላ ነገር ልጨምር። በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ራስን የሚፈልጠው ሕመም ብዙ ጊዜ ከረሃቡ ይልቅ ከካፌይን መቋረጥ የሚመጣ ነው። ካቆሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ እስከ ሳምንት ሊዘልቅም ይችላል። ከጾሙ ሁለት ሳምንት ቀድሞ በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ሲኒ መቀነስ ይህን ሥቃይ በጣም ያቀለዋል።

የኢነርጂ ድሪንኩን ነገር በለሆሳስ ማለፍ አልችልም። በሌሊት ጂቡቲ ድንበር ላይ ወዳለችው ደወሌ የሚነዳው የከባድ መኪና ሹፌር ጫትና ጣሳ ይዞ ይወጣል፤ ሁለቱም እንቅልፍን አይተኩም፣ ዓይኑ ተገልጦ አንጎሉ ለሰከንዶች የሚያንቀላፋበት ጊዜ ይመጣል። ጣሳው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ በባዕድ ቋንቋ በደቃቃ ፊደል ከተጻፈ ለማን ነው የተጻፈው? በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ በጉልህ ይጻፍ። ለሕፃናትም አይሸጥ።

በጣም የምሳሳው ግን ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች ነው። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ካፌይኑ በግማሽ ለመውረድ እስከ 15 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ የእንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱ ዘንድ ይደርሳል፣ ፅንሱ ደግሞ ማጣሪያው ገና አልተሠራለትም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል፤ አውሮፓውያኑ 200 ላይ ያቆማሉ። በየጤና ጣቢያው ያላችሁ ነርሶችና አዋላጆች፣ ስለ ጫት ስትጠይቁ ሻዩን፣ ቡናውን፣ ሆጃውንም አብራችሁ ጠይቁ። ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ካፌይን ጥቂት ነው፤ ሆኖም በተወለደ ሕፃን ሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ሦስት ቀን ያህል ስለሚቆይ ይጠራቀማል። አራስ ቤት በየእንግዳው ቡና ይፈላል። ጠያቂዎች ሆይ፣ ቡናውን ጠጡ፤ እሷን ግን በየጀበናው «አንድ ሲኒ ብቻ» እያላችሁ አታስገድዷት፣ አጥሚት አቅርቡላት።