የሕፃኑንና የሽማግሌውን አንጎል ምን አገናኘው?

ሰሞኑን በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ያለ አንድ ኮሌጅ የአንዲት ተማሪን የምርምር ሐሳብ ውድቅ አደረገ። ልጅቷ አክቲን የሚባለውን ፕሮቲን የሚቆጣጠሩት ፕሮቲኖች በሚያድግና በሚያረጅ አንጎል ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ማጥናት ነበር የፈለገችው። ገምጋሚዎቹ ምን አሏት? «የሕፃንና የሽማግሌ አንጎል ምን አገናኘው? መርሳት እርጅና ነው። ለእኛ ይሄ ቅንጦት ነው።»

ምን አገናኘው? ያው አንድ ፕሮቲን ነዋ! ይህን ሳያውቁ ሰው ሥራ ላይ መፍረድ ያናድዳል።

አክቲን በሴል ውስጥ ቀጭን ክር ይሠራል። ክሩ ያለማቋረጥ ይገጣጠማል፣ ይፈርሳል። ኮዬ ፈጬ ፎቅ ሲሠራ አጣናው ከአንዱ ወለል ተነቅሎ ለሚቀጥለው እንደሚቆመው ማለት ነው። ከተቆጣጣሪዎቹ ፕሮቲኖች አንዱ፣ ኮፊሊን፣ ክሩን ይቆርጣል። ፕሮፊሊን የተፈታውን አክቲን መልሶ ለግንባታ ያቀርባል። በፅንስ አንጎል ውስጥ የነርቭ ሴል ጫፉን እየዘረጋ መንገዱን የሚያገኘው በዚህ ሥራ ነው። ኮፊሊንና የቅርብ ዘመዱ ኤዲኤፍ የጠፉባቸው የአይጥ ነርቭ ሴሎች ቅርንጫፍ ማውጣት አቅቷቸዋል።

ያው ኮፊሊን በእርጅና ጊዜም አለ። ሴሉ ኃይል ሲያጥረው ወይም ሲጎዳ ከአክቲን ጋር ተጣብቆ ደረቅ ዘንግ ይሆናል። ዘንጉ በነርቭ ቅርንጫፍ ውስጥ የሚመላለሰውን ጭነት መንገድ ይዘጋል። እንዲህ ያሉ ዘንጎች በአልዛይመር፣ ማለትም በመርሳት በሽታ፣ ሕሙማን አንጎል ውስጥ ተገኝተዋል። ድሬብሪን የሚባለው ሌላው የአክቲን ተቆጣጣሪ ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። በፅንስ ጊዜ አንዱ ዓይነት ይበዛል፤ አንጎል ሲበስል ሌላው ይተካውና ነርቮች የሚገናኙባቸውን ጥቃቅን ጉጦች ደግፎ ይይዛል። በአልዛይመር ግን ክፉኛ ያንሳል። ታዲያ ሁለቱን ዕድሜ ነጥሎ ማጥናት ይሻላል የሚል ሰው ምኑን አይቶ ነው? ለዚህ በሽታ ሁነኛ መድኃኒት በዚህም በኩል ሊመጣ ይችላል።

ቅንጦት ነው ላሉት ደግሞ፦ ድሬብሪንን የጃፓን ተመራማሪዎች በ1985 ያስተዋወቁት ከጫጩት ፅንስ አንጎል አውጥተው ነው። በእኛ አካባቢ ዶሮ እርባታ ሞልቷል።

ቱሉ ዲምቱ እኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ፤ ከመሀል ከተማ ተነስተው የመጡ። ዳቦ ሊገዙ ወርደው ሲመለሱ ሌላ ብሎክ ይወጡና የሰው በር በራሳቸው ቁልፍ ይታገላሉ። ልጃቸው የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር በነጠላቸው ጫፍ በቀይ ክር ጠልፋላቸዋለች። ጎረቤቱ «ጃጅተዋል» ብሎ ያልፋል። በጎረቤት አልፈርድም። መመራመር ሥራው የሆነ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ አይችልም።

ገንዘብ የለም ካላችሁ እሺ፣ እሱ ያስማማናል። ጥናቱን አሳንሱላት። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ሐኪሞች አሉ፤ ሐሳቧን ለአንዳቸው ማስነበብ ምን ይከብዳል? እነሱ አይተውት ካልሆነም፣ ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጣት።