ዓለም ከመስቀል በኋላ ትፈጠራለች

ዓለም መቼ ተፈጠረች ብለው ሊቃውንት ይከራከራሉ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ክርክር የለም። ከመስቀል በኋላ ነው። ደመራው ነዶ፣ አመዱ ግንባር ላይ ተቀብቶ፣ የበዓሉ ጠላ ካለቀ ወዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት የዘጠነኛ ክፍል የዓለም ታሪክ ይጀመራል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀደም ያለ ቀን የያዘ ማስታወቂያ ይለጠፍ ይሆናል። ማስታወቂያ ነው፣ ይለጠፋል። ዝናብ ይመታዋል፣ ይላጣል። በዚያ ቀን ደብተሩን ይዞ የመጣ ተማሪ ካለ ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ እናቱ እዚያው ትምህርት ቤት ያስተምራሉ።

ይህን ልማድ የሚያብጠለጥሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ባርኔጣዬን ባወልቅ ደስ ይለኛል፤ ብርዱ አልፈቀደልኝም እንጂ። እስቲ ምን ያስቸኩላል? ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ እስክትገኝ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ጠብቃለች። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ወደ እኛ ልመልስ ብል ጥቅምት ይገባብኛል።) ሐዳር ደግሞ ማዶ አይደለም፣ ጎረቤታችን አፋር ነው። እዚያ ሁሉ ዘመን ዝም ብላ የተኛች ሴት ሁለት ሳምንት ብትጨመርባት ምን ትሆናለች? አጥንት ናት፣ አትከሳም።

የወላጅ ጥበብም ሊዘነጋ አይገባም። መንዝ ውስጥ ልጁ «አባባ፣ ትምህርት ተጀምሯል አሉ» ሲል መልሱ ዝግጁ ነው። «ታሪኩ እንደሆን አልፏል። የት ይሄድብሃል? ባቄላውን ግን ጭላዳ ይጨርሰዋል።» በአንድ ወገን ሜሶጶጣሚያ፣ በሌላ ወገን ጭላዳ። ሜሶጶጣሚያ በክረምት መጥታ የማንንም እሸት አልበላችም። ልጁ ዱላውን ይዞ ወደ ማሳው ይወጣል።

መቼም የማይቀር ነውና ሰኞው ይመጣል። ልጁ ስንቁን ተሸክሞ ወረዳው ከተማ ይገባል፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፣ ስሙን ከተለጠፈው ሴክሽን ይፈልጋል። መምህሩ ጠመኔ ይዞ ይገባል። ርዕሱን ይጽፋል፤ ታሪክ ማለት ምን ማለት ነው? በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው፣ የሚያብራራው በአማርኛ ነው፤ ተማሪው የሚገለብጠው ደግሞ በዝምታ ነው።

የዚያን ቀን ደብተር ማየት አለባችሁ። የመጀመሪያው ገጽ የሚያምር ነገር ነው። «ሂስትሪ» የሚለው ቃል ጥላ ባለው ፊደል ተስሏል። ከሥሩ በቀይ እስክሪቢቶ ሁለት መስመር ተሰምሯል፣ መስመሩም በማስመሪያ ነው። ዳር ዳሩን አበባ ዞሮታል። ቀኑ በቀኝ፣ ስሙ በግራ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አበባው ይቀራል። አሥረኛው ላይ ቀዩ እስክሪቢቶ ይጠፋል። ሃያኛው ላይ ጽሑፉ ይንጋደዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ነጭ ወረቀት ነው፤ ከጀርባ በኩል ግን የኳስ ቡድን አሰላለፍና የዘፈን ግጥም ወደ መሃል እየገሰገሰ ነው።

ወደ ትርጉሙ እንመለስ። ሄሮዶቱስ የታሪክ አባት ነው፣ ይጻፋል፣ ይሰመርበታል። ሰውየው አገር ለአገር እየዞረ፣ ግብፅ ድረስ ወርዶ ካህናቱን እየጠየቀ፣ የሰማውን ከሰማው እያነጻጸረ የጻፈ ነው። ምን ዓይነት ልፋት! እኛ አንድ መስመር አድርገነዋል። ቀጥሎ ራንኬ አለ፤ ጀርመናዊው፣ ሰነድ ካላየሁ አላምንም ባዩ። እሱም አንድ መስመር። የትኛውንም ሰነድ ሳናይ አምነነዋል።

«ቲቸር፣ መጽሐፉስ?» የሚል አይጠፋም። መጽሐፉ በሶፍት ኮፒ አለ። ቴሌግራም ላይ አለ። ስልክ የሌለው ስልክ ካለው ያያል፤ ስልክ ያለው ደግሞ መብራት ሲመጣ ያያል። ኔትወርክ ያለው ኮረብታው አናት ላይ ነው፣ ከጭላዳዎቹ ጋር።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ትምህርታችን ከርዕስ አለመውጣቱን ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ይህ ቀላል አይደለም፣ የዓለም ታሪክ በየመንገዱ ያደናቅፋል። የእንግሊዞችም የፈረንሳዮችም መልእክተኛ ረግጦታል። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ መድፍ ሳይቀር ስጦታ ጭኖ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥቶ ውል ተዋውሏል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር የራሱን ውል ይዞ ደረሰ። ሁለቱ ኃያላን በአንኮበር አቀበት ላይ ተከታትለው ያለከልኩ ነበር ማለት ነው። በ1887 ደግሞ ራምቦ፣ ያ ገጣሚው ፈረንሳዊ፣ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ አንኮበር ገባ። ምኒልክ የሉም። እንጦጦ ድረስ ሄዶ ሸጠላቸው፤ ትርፉ እንዳሰበው አልሆነለትም።

ደብረ ብርሃን ራሷስ? ኮንስታንቲኖፕል በ1453 በቱርኮች እጅ ስትወድቅ፣ ጉተንበርግ ማተሚያውን ሲሞክር፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እዚህ አገር ዙፋን ላይ ነበሩ። ከተማዋን የቆረቆሩት እሳቸው ናቸው፣ ከሰማይ ለታየ ብርሃን ሲባል። ያ ብርሃን በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ያንኑ ኮከብ አውሮፓም አንጋጦ አይቶታል።

እንግዲህ መምህሩ ይህን ክፍል ውስጥ ቢያነሳ የሚመጣውን አስቡት። ተማሪ እጁን ያወጣል። ይጠይቃል። ሌላው አያቱ የነገሩትን ይጨምራል። ኖቱ ይቆማል! ደግነቱ ከኋላ ወንበር አንድ ጠንቃቃ ልጅ አይጠፋም። «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» አይወጣም። ተመስገን። ወደ ሄሮዶቱስ።

ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ልጅ በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ዋሻውን የፈለፈለው የፋሺስት ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን። ሾፌሩ መብራት ያበራል፣ ተሳፋሪው ዝም ይላል፣ ልጁ የሙሶሊኒን መንገድ እያቋረጠ ጭኑ ላይ በዘረጋው ደብተር የታሪክን ትርጉም በቃሉ ይወጣል።

አካሄዱም የረጋ ነው። ግብፅ ላይ እስከ ገና እንቆያለን። ፒራሚድ ቸኩለው አይሠሩትም፤ ሄሮዶቱስ ራሱ የኩፉ ፒራሚድ 20 ዓመት ፈጀ ብሎ የለ? ሮም በ476 ወደቀች ይላል መጽሐፉ። እኛ ጋ የምትወድቀው በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ነው፣ ብዙ ልጅ ይዛ።

ከዚያ ወዲያ ጊዜ የት ሄደ? ሁዳዴው፣ ፋሲካው፣ ስብሰባው። ሰኔ ሲደርስ ከ1,300 ዓመት በላይ ይቀራል፣ መጽሐፉ ናፖሊዮን ድረስ ነውና። ይሄኔ ነው የመምህራችን ችሎታ የሚታየው። መካከለኛው ዘመን፣ «ራሳችሁ አንብቡት»። የኢንዱስትሪ አብዮት፣ ሃንዳውት። የበግ ፀጉር በእንዝርት ፈትላ ባና ያሠራች የመንዝ እናት ልጅ የእንግሊዝ መፍተያ ማሽን የሰውን ኑሮ እንዴት እንደገለበጠ ቢሰማ ሁለት ጥያቄ አያጣም ነበር። ሃንዳውት ግን አይጠየቅም።

ጥፋቱ የእኛ አይደለም። ዓለም ትልልቅ ሥራዋን የምትሠራው እኛ ስንዘጋ ነው። ፈረንሳዮች በ1789 ባስቲልን ሰብረው የገቡት በእኛ ሐምሌ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ልጁ አረም ላይ! ናፖሊዮንም በ1815 ዋተርሉ ላይ ለመሸነፍ የመረጠው ሰኔን ነው፣ ካርድ በሚሞላበት ሰሞን። ኅዳር ላይ ቢሸነፍ ምን ነበረበት? አንደኛው የዓለም ጦርነትም በ1914 ሐምሌ ላይ ነው የፈነዳው። እሱ እንኳ የአሥረኛ ክፍል ነው፤ እዚያ ከመድረሳችን በፊት ታሪክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መከለስ አለብን።